አድዋ በአምስት ምልክት

(ለወጣት ዲዛይነሮችና የኅትመት ሠራተኞች ስለ ግዕዝ ቁጥር ያደረግሁት ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። በራሴ ጥፋት ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይመጣል።

በ2002 ዓ.ም. አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበርኩ። የሠርግ መጥሪያ ካርድ መጣልን። ሙሽራው ዘመኑ በግዕዝ ቁጥር እንዲሆንለት ፈልጓል። ዲዛይን የሚሠራው ልጅ «ሁለት ሺህ ሁለት» ለማለት መጀመሪያ ፪ን አስቀመጠ። ቀጥሎ ከሠንጠረዡ መጨረሻ ትልቁን ምልክት አመጣ። ከዚያ ሌላ ፪ ጨመረ። ፪፼፪ ሆነ። ወደ እኔ መጣ፣ አየሁት፣ ያምራል። ፈረምኩበት። አምስት መቶ ካርድ ታተመ።

ካርዱን ሊወስዱ የመጡት የሙሽራው አባት ነበሩ። የቤተ ክህነት ትምህርት ያላቸው ሽማግሌ። ካርዱን ራቅ አድርገው ያዙና አነበቡ። «ልጄ፣ ሠርጉ መቼ ነው?» አሉኝ። ቀኑን ነገርኳቸው።

«ቀኑንማ እኔም አውቀዋለሁ። ዓመቱን ነው የጠየቅሁህ። እዚህ ላይ ሃያ ሺህ ሁለት ይላል። አሥራ ስምንት ሺህ ዓመት ተቀምጦ የሚጠብቅ ዘመድ የለንም እኮ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ይቅርታ አባቴ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም። እሳቸው ግን አልተቆጡም። እስክሪብቶ ጠይቀው በካርዱ ጀርባ ፳፻፪ ብለው ጻፉ። ከዚያ እስከ ዛሬ ያልረሳሁትን አንድ ነገር ነገሩኝ። «በሺህ አትቁጠር፣ በመቶ ቁጠር።»

የዛሬው ንግግር በሙሉ የዚህች ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው። ገብቶኛል የሚል ካለ ከአሁኑ መውጣት ይችላል።

(ማንም አልወጣም።)

እንግዲህ ምልክቶቹን እንያቸው። በጠቅላላው ሃያ ናቸው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት፦ ፩ ፪ ፫ ፬ ፭ ፮ ፯ ፰ ፱። አሥሮቹ ደግሞ፦ ፲ ፳ ፴ ፵ ፶ ፷ ፸ ፹ ፺። እነዚህ አሥራ ስምንት ሆኑ። ከዚያ መቶ አለ፣ ፻። መጨረሻ ላይ እልፍ፣ ፼። እልፍ ዛሬ በአፋችን «ስፍር ቁጥር የለሽ» ለማለት ነው የሚያገለግለን። በቁጥር ግን ቁርጥ ያለ ዋጋ አለው፣ አሥር ሺህ ነው። ቅርጹን ልብ ብላችሁ እዩት። ሁለት ፻ ጎን ለጎን ተጣብቀው ነው ፼ የሆኑት። መቶ ጊዜ መቶ አሥር ሺህ አይደል? ምልክቱ ራሱ ስሌቱን ይነግራችኋል።

አሁን የሌሉትን ልንገራችሁ። ዜሮ የለም። ሺህም የለም። ባለፉት ዓመታት ካየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመጡ ናቸው። ሰው የሌለ ምልክት ይፈልጋል፣ ሲያጣ ከራሱ ይፈጥራል። የእኛ ካርድ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ልጁ ሺህ ፈለገ፣ አላገኘም፣ ትልቅ የሚመስለውን አነሳ።

ስንቶቻችሁ ናችሁ እስከ ሠላሳ ድረስ የምታነቡ? እጅ አውጡ እስቲ። እሺ፣ ብዙ ናችሁ። እስከ ዘጠናስ? አያችሁ፣ እጁ ወረደ። ምክንያቱ ቀላል ይመስለኛል። አብዛኛው ሰው የግዕዝ ቁጥር የሚያየው ካላንደር ላይ ነው፤ የኛ ወር ደግሞ ሠላሳ ላይ ያበቃል። ፳፩ ሲል ማርያም፣ ፳፫ ሲል ጊዮርጊስ፣ ፳፯ ሲል መድኃኔዓለም እያልን በበዓላቱ ለምደናቸዋል። ከ፵ በላይ ያሉትን ግን ካላንደር አያስተምርም። ስለዚህ የቤት ሥራችሁ ስድስት ምልክት ብቻ ነው፦ ፵፣ ፶፣ ፷፣ ፸፣ ፹፣ ፺። አንድ ቀን ከሰዓት ይበቃቸዋል።

ለነገሩ ፶ን ታውቁታላችሁ፤ ማወቃችሁን አላወቃችሁም እንጂ። ፲ አለቃ፣ ፶ አለቃ፣ ፻ አለቃ ተብሎ ሲጻፍ አላያችሁም? ከእነዚህ በላይ ደግሞ ሻለቃ የሚባል ማዕረግ አለ፣ ሺህ አለቃ። እሱ ሁልጊዜ በፊደል ነው የሚጻፈው። ሺህ ምልክት የለውማ! (ይህን የምለው ለማስታወሻ እንዲሆናችሁ ነው።)

ምልክቶቹ ከየት መጡ? አመጣጡ አጻጻፉን ስለሚያስረዳ ትንሽ ልቆይበት።

ግሪኮች በፊደላቸው ይቆጥሩ ነበር። አልፋ አንድ፣ ቤታ ሁለት፣ ጋማ ሦስት እያሉ ይሄዳሉ። ዮታ አሥር ነው፣ ካፓ ሃያ፣ ሮ መቶ። የእኛዎቹ ምልክቶች የእነዚያ ልጆች ናቸው። ፩ን ከአልፋ፣ ፪ን ከቤታ፣ ፲ን ከዮታ፣ ፻ን ከሮ ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ዝምድናው ይታያል። ፸ ክብ የሆነው የግሪኩ ኦሚክሮን ክብ ስለሆነ ነው። ዜሮ መስሏችሁ እንዳትሸወዱ፣ ሰባ ነው። ከላይና ከታች ያሉት ሰረዞችም ያለ ምክንያት አልመጡም። ግሪኮቹ ፊደሉን ለቁጥር ሲያውሉት ከቃል እንዲለይ ከላዩ ይሰምሩበት ነበር። የእኛዎቹ ከላይም ከታችም አሰመሩና መስመሩ የምልክቱ አካል ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ሎጎ ስትሠሩ «ለማቅለል» ብላችሁ ሰረዞቹን አትቁረጡ። ፎንት ሠሪ ካለ መካከላችሁ፣ ለእሱም ነው የምናገረው።

እነዚህ ቁጥሮች የዛሬ ነገር አይደሉም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ጊዜ አክሱም ላይ በተቀረጹ የድንጋይ ጽሑፎች ውስጥ አሉ።

ከግሪክ ወሰድን ካልን በኋላ ግን አንድ ነገር መጨመር አለብን። በጭፍን አልወሰድንም። ግሪኮች መቶ ላይ ሲደርሱ ለሁለት መቶ ሌላ ፊደል አመጡ፣ ሲግማን። ለሦስት መቶ ታውን። እንዲህ እያሉ እስከ ዘጠኝ መቶ ሄዱ። እስከ 999 ለመቁጠር ብቻ ሃያ ሰባት ምልክት ያስፈልጋቸው ነበር። የእኛ ሰዎች መቶ ላይ ቆሙ። ሁለት መቶ ለማለት ሁለትን ከመቶ ፊት አቆሙት፣ ፪፻። ሦስት መቶ ፫፻። ከዚህ በኋላ ለመቶዎቹ አዲስ ምልክት መሸምደድ አላስፈለገም። ለእኔ የዚህ ሥርዓት ውበት ያለው እዚህ ጋ ነው። በቃላችን «ሁለት መቶ» እንላለን እንጂ ለሁለት መቶ የተለየ ስም የለንም። አጻጻፉም ንግግሩን ተከተለ።

አሁን ወደ ሥራው። አድዋን እንጻፍ። 1888 ዓ.ም.።

ቁጥሩን ከቀኝ ጀምራችሁ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ክፈሉት። 88 አንድ ጥንድ፣ 18 አንድ ጥንድ። የግራው ጥንድ የመቶዎች ቁጥር ነው፣ አሥራ ስምንት መቶ። የቀኙ ቀሪው ነው፣ ሰማንያ ስምንት። አሥራ ስምንት ፲፰ ነው። መቶውን ጨምሩበት፣ ፲፰፻። ሰማንያ ስምንት ፹፰። አንድ ላይ ፲፰፻፹፰። አለቀ፣ አድዋ በአምስት ምልክት።

እስቲ አሁን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «አሥራ ስምንት መቶ ሰማንያ ስምንት።» አያቶቻችን ዓመተ ምሕረት ሲጠሩ እንዲህ ነው የሚሉት። እኛም «አሥራ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስድስት» ነው የምንለው፤ «አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስድስት» የሚል ሰው ስንት ይሆናል? ቋንቋው ራሱ በመቶ ነው የሚቆጥረው። ፲፱፻፷፮ ብሎ መጻፍ በአፋችን ያለውን ወደ ወረቀት ማውረድ ነው።

ታዲያ ለምን ተሳሳትን? በ1999 ማግስት ነው ነገሩ የተበላሸው። አዲሱ ሚሊኒየም ገባ፣ አፋችን ከመቶ ወደ ሺህ ዞረ። «ሃያ መቶ» ያለ ሰው አልሰማሁም፣ ሁላችንም «ሁለት ሺህ» አልን። አጻጻፉ ግን እዚያው በመቶው ቀረ፣ ፳፻። የዚያን ዓመት ይህ ምልክት ያልታየበት ቦታ አልነበረም፣ ሁላችሁም አይታችሁት ይሆናል። ስለዚህ ከ2000 ወዲህ ላለው ዘመን አንድ እርምጃ መጨመር አለባችሁ። ከመጻፋችሁ በፊት በልባችሁ «ሃያ መቶ» በሉ። 2017 «ሃያ መቶ አሥራ ሰባት» ነው፣ ፳፻፲፯። ስትናገሩ ያስቃል፣ ስትጽፉት ግን አያሳስትም።

ዜሮስ? ዜሮ ሲመጣ ዝም በሉት። 1905 ሲከፈል 19 እና 05 ነው። አሥራ ዘጠኝ መቶ፣ አምስት። ፲፱፻፭። መሐል ላይ ባዶ ቦታ አይተውም፣ ነጥብም አይደረግም። 2008 ደግሞ ፳፻፰ ነው። ሦስት ምልክት ብቻ። «አጠረብኝ፣ የጎደለ ይመስላል» የሚል ደንበኛ ይመጣባችኋል። አልጎደለም በሉት።

ወደ ላይ እንሂድ። መንገዱ አይለወጥም። ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ከቀኝ ወደ ግራ ስትሄዱ የመጀመሪያው ጥንድ ምልክት አይጨመርበትም፣ ሁለተኛው ፻ን ይይዛል፣ ሦስተኛው ፼ን። 123,456ን እንክፈለው። 12፣ 34፣ 56። አሥራ ሁለት እልፍ፣ ሠላሳ አራት መቶ፣ ሃምሳ ስድስት። ፲፪፼፴፬፻፶፮። መቶ ሺህ ፲፼ ነው፣ አሥር እልፍ። ሚሊዮን ፻፼ ነው፣ መቶ እልፍ። መቶ ሚሊዮን ደግሞ እልፍ ጊዜ እልፍ፣ ፼፼።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። መቶና እልፍ ቦታ ሲለዋወጡ ዋጋው ይገለበጣል። ፻፼ ሚሊዮን ነው ብለናል። ፼፻ ግን አሥር ሺህ አንድ መቶ ነው። በመጀመሪያው መቶው እልፉን ያበዛዋል። በሁለተኛው እልፉ ብቻውን ቆሟል፣ መቶው ተደምሮበታል። ለገንዘብ ቁጥር ብትጠቀሙበት ሰው ታካስሳላችሁ። ደግነቱ ዛሬ ማንም አይጠቀምበትም።

ሌላው ብዙ የምጠየቀው ስለ ፩ ነው። መቶን ፻ ነው የምንጽፈው ወይስ ፩፻? ደንቡ ፻ ብቻ ነው። ፻ ሲባል አንድነቱ ውስጡ አለ። እልፍም እንዲሁ፣ ፼ ብቻ። ሺህን ግን ፲፻ ብላችሁ ነው የምትጽፉት፣ አሥር መቶ። እዚያ ፲ን መተው አይቻልም፤ ከተዋችሁት መቶ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ስብስቤን ልክፈትላችሁ። ስህተት እሰበስባለሁ። ሌላው ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ እኔ የተሳሳተ ዓመተ ምሕረት። የማንን ሥራ እንደሆነ አልናገርም፣ የራሴ ካርድ ከሁሉም ይብሳልና።

አንዱ ፪፻፲፯ ይላል። 2017 ለማለት ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ሆኗል፣ ከአክሱም ድንጋዮች እንኳ ይቀድማል። ሌላው ፳፲፯ ይላል። መቶውን ጨርሶ ረስቶታል። ሃያ አሥራ ሰባት፤ ምንም ማለት አይደለም። አንዱ ደግሞ ዜሮን በአውሮፓ ቁጥር አስገብቶ ፪0፩፯ ብሏል። ይህ የቁልፍ ሰሌዳ ስህተት ነው። እያንዳንዱን አኃዝ በአቻው ተክቶ ዜሮ ላይ ሲደርስ ቁልፉ ጠፋበት፣ ያለውን ወረወረበት። ከሁሉም በብዛት ያለኝ ግን የእኛው ካርድ ዓይነት ነው፣ ፼ን ሺህ ያደረገ። እነዚህ ሁሉ መነሻቸው አንድ ነው። ሰውየው በአውሮፓ ቁጥር አስቦ በግዕዝ ምልክት ጻፈ።

፪ሺ፲፯ ብሎ የሚጽፍም አለ። ሺህን በፊደል ያስገባል። እውነቱን ለመናገር በዚህ አልጣላም። ዋጋው አልተሳሳተም፣ አንባቢም ይገባዋል። የድሮውን ሥርዓት ጠብቄያለሁ ማለት ግን አይቻልም። ለድንጋይ ቀረጻ ከሆነ ተዉት፣ ለማስታወቂያ ወረቀት ከሆነ ይለፍ።

፮ እና ፯ን ተጠንቀቁ። በጥቃቅን ፊደል ሲታተሙ ዓይን ያደናግራሉ። እኔ አሁንም ስጠራጠር ካላንደር አወጣና ስድስተኛውን ቀን አያለሁ። አታፍሩበት።

ለጥቂት ደቂቃ ወደ ሮማ ልውሰዳችሁ። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ የሮማ ቁጥር ከሰዓትና ከመጻሕፍት መግቢያ ገጽ ታውቃላችሁ። የሮማው ምልክት ሰባት ብቻ ነው። አይ አንድ፣ ቪ አምስት፣ ኤክስ አሥር፣ ኤል ሃምሳ፣ ሲ መቶ፣ ዲ አምስት መቶ፣ ኤም ሺህ። ሰባት ምልክት ማጥናት ሃያ ከማጥናት ይቀላል፣ ትላላችሁ። እሺ፣ አድዋን በሮማ ጻፉልኝ። ኤም፣ ዲ፣ ሦስት ሲ፣ ኤል፣ ሦስት ኤክስ፣ ቪ፣ ሦስት አይ። ቆጠራችሁት? አሥራ ሦስት ፊደል። እኛ በአምስት ጨረስነው። ምልክት ሲያንስ ቁጥሩ ይረዝማል።

ሁለተኛው ልዩነት መቀነስ ነው። ሮማውያኑ ትንሹን ከትልቁ ፊት ሲያስቀምጡ ይቀንሳሉ። አይ ከቪ ፊት ሲሆን አራት ነው፣ ከኤክስ ፊት ሲሆን ዘጠኝ። ግን ያገኘኸውን ሁሉ መቀነስ አይቻልም። አይ የሚቀነሰው ከቪና ከኤክስ ብቻ ነው። ኤክስ ከኤልና ከሲ፣ ሲ ደግሞ ከዲና ከኤም። ዘጠና ዘጠኝን አይን ከሲ ፊት አድርጎ መጻፍ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ዘጠናውን፣ ከዚያ ዘጠኙን ነው መጻፍ። ሰዓት ላይ ደግሞ አራትን በአራት አይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ የሰዓት ሠሪዎች ልማድ ነው፣ እነሱን ተዉአቸው።

በግዕዝ ቁጥር መቀነስ የሚባል ነገር የለም። ትንሹ ከመቶ ወይም ከእልፍ ግራ ከቆመ ያበዛል፣ ከቀኝ ከቆመ ይደመራል። ሮማን የለመደ ሰው ፲፻ን አይቶ «ዘጠና» ሲል ሰምቻለሁ። መቶ ሲቀነስ አሥር! እንዲህ አይነቱን ስትሰሙ ሰውየው ሞኝ አይደለም፣ የተማረው ሌላ ትምህርት ቤት ነው በሉ።

አንድ የሚያመሳስላቸው ግን አለ። ሁለቱም ዜሮ ስለሌላቸው በእነሱ ወረቀት ላይ መደመርና ማባዛት ጭንቅ ነው። ረድፍ ጠብቆ አይቆምም። ከህንድ ተነስቶ በአረቦች በኩል የተስፋፋው ባለ ዜሮ አቆጣጠር ሁለቱንም ከሒሳብ ደብተር ያስወጣቸው በዚህ ነው። አሁን ሁለቱም ለክብር ነው የሚቀመጡት። ለዘመን፣ ለምዕራፍ፣ ለቀረጻ። የንጉሥ ተራ ላይ ግን ተለያየን። ፈረንጅ ለንጉሡ የሮማ ቁጥር ይለጥፋል። እኛ ቀዳማዊ፣ ዳግማዊ፣ ሣልሳዊ እያልን በቃል እንጠራለን። ዳግማዊ ምኒልክ እንጂ «ምኒልክ ፪» አይባልም። መጽሐፍ ሽፋን ላይ እንዲህ ተጽፎ ካያችሁ አርሙት።

ምኒልክን ካነሳን፣ የእሳቸው ብር ጥሩ የንባብ መለማመጃ ነው። ፓሪስ ላይ ከተመቱት ብሮች ብዙዎቹ ፲፰፻፹፱ ይላሉ። እስቲ አንብቡት። 1889፣ የአድዋ ማግስት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ደግሞ ፲፱፻፴፮ ይላሉ፣ 1936። አያት ካላችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ አታጡም። ጣት ላይ አስቀምጦ ማንበብ ከሠንጠረዥ ይሻላል።

የብራና መጻሕፍት ስታነቡ ትንሽ የተለየ ነገር ይገጥማችኋል፣ እንዳትደነግጡ። ጸሐፊዎቹ በቁጥሩ መካከል ወ ያስገባሉ። ሃያ አምስትን ፳ወ፭ ይሉታል። ግዕዙ «ዕሥራ ወኀምስቱ» ስለሆነ ነው፣ ሃያ እና አምስት። ከቁጥሩ ኋላ ፊደል የሚቀጥሉበትም አለ። ፩ዱ ሲሉ አሐዱ ነው፣ ፪ቱ ሲሉ ክልኤቱ። ፊደሉ የሚነግራችሁ ቁጥሩን በግዕዝ እንድታነቡት ነው። ምልክቱ ራሱ ቋንቋ የለውም። ፫ን የግዕዝ አንባቢ ሠለስቱ ይለዋል፣ አማርኛ ተናጋሪ ሦስት፣ ትግርኛ ተናጋሪ ሰለስተ። አንድ ሥዕል ነው፣ ሦስት ድምፅ።

ከቤተ ክርስቲያን ቁጥሮች የምወደው ፫፻፲፰ ነው። በኒቅያ ተሰበሰቡ የሚባሉት ሊቃውንት ቁጥር ነው። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት። ስማቸው ግን ሲጠራ «ሠለስቱ ምዕት» ብቻ ነው፣ ሦስት መቶ። ጽሑፉ አሥራ ስምንቱን አልጣላቸውም፣ ምላስ ጣላቸው። ፹፩ን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ሽፋን ላይ አለ። ፻፶ የዳዊት መዝሙር ቁጥር ነው። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ደግሞ ዓመተ ዓለም የሚባል አለ፣ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመርበታል። ለ2017 ስትደምሩ 7517 ይመጣል። ጥንዶቹን ክፈሉ። 75 እና 17። ፸፭፻፲፯። አያችሁ፣ «ሰባት ሺህ» ብሎ የሚያስብ ሰው እዚህ ላይ ይጠፋል። «ሰባ አምስት መቶ» ያለ አይጠፋም።

ስለ ኮምፒውተር ጥቂት ልበልና ጥያቄ እንቀበላለን። ምልክቶቹ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ዝርዝር ውስጥ፣ ከገቡ ቆይተዋል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሲገባ ሃያዎቹም አብረው ገብተዋል። ስለዚህ ፎንቱ ደህና ከሆነ ሥዕል አድርጋችሁ መሳል የለባችሁም። ጻፉት። ኮምፒውተሩ ግን እንደ ቁጥር አያሰላላችሁም፣ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገብታችሁ ድምር ብትጠይቁት ዝም ይላችኋል። ድረ ገጽ የምትሠሩ ደግሞ ዝርዝርን በራሱ በግዕዝ ቁጥር የሚቆጥር ሥርዓት በደረጃ ተቀምጦላችኋል። እዚያም የተጻፈው ደንብ ያው የሽማግሌው ነው፣ ሁለት ሁለት እያደረግህ ክፈል።

ስልክ ቁጥር በግዕዝ እንዲጻፍለት የሚጠይቅ ደንበኛ አጋጥሞኛል። አይሆንም። ስልክ ቁጥር ብዛት አይደለም፣ የአኃዝ ሰልፍ ነው። ዜሮ ያስፈልገዋል። መታወቂያ ቁጥርም፣ የመኪና ታርጋም እንደዚሁ። አንድ ቁጥር «ስንት?» ለሚል ጥያቄ መልስ ካልሆነ ወደ ግዕዝ አትውሰዱት።

እሺ፣ ጥያቄ።

አንድ ወንድሜ «ለምን ዜሮ አንጨምርበትም?» ብሎ ጠየቀ። መጨመር ይቻላል፣ የሞከሩም አሉ። ግን ዜሮ ከገባ ፲ ለምን ይኖራል? ፳ስ? ፻ስ? አንድ ምልክት ስትጨምር አሥራ አንድ ምልክት ሥራ ይፈታል። ከዚያ በኋላ የግዕዝ መልክ ያለው የአውሮፓ ቁጥር ነው የሚኖርህ። እሱ ደግሞ አለን እኮ።

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ደግሞ የልደት ዘመኗን ቲሸርት ላይ ማተም እንደምትፈልግ ነገረችን። 1992። «እኔ ልጻፍልሽ ወይስ ትሞክሪዋለሽ?» አልኳት። ወደ ሰሌዳው መጣች። ጠመኔውን ያዘች። ትንሽ ቆመች። ከዚያ በሹክሹክታ «አሥራ ዘጠኝ መቶ» ስትል ሰማኋት፣ ጻፈችም።

፲፱፻፺፪።

«ስንት ምልክት ሆነ?» ብዬ ጠየቅኳት።

ቆጠረች። «አምስት» አለች። «እንደ አድዋ።»